ለአማት የሚቀበር ድንች

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚሄደው ሚኒባስ እኔ ካሮት የያዘ ዘንቢሌን አቅፌ መስኮቱ ሥር ነበርኩ። አጠገቤ ድንች የሞላ ፌስታል የታቀፈ ወጣት፣ ከእሱ ቀጥሎ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ተቀምጠዋል።

«ድንቹ ከገበያ ነው?» አሉት።

«አዎ፣ እማማ። ጓሮዬ ልቀብረው ነው።»

«ለዘር?»

«ለአማቴ። ነገ ይመጣሉ። ‹ጓሮ ማልማት ያቃተው ወንድ፣ ልጄን አያኖራትም› ሲሉኝ፣ ‹መጥተው በእጅዎ ይቆፍሩ› ብያቸዋለሁ።»

«ራስህ የተከልከውስ?»

«ድንች ያዘ አልያዘ እያልኩ በየማታው ሥሩን ስጭር፣ ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ።»

«ዶሮ ነህ እንዴ! ይሄ ደግሞ የታጠበ ነው።»

«ጭቃ አለብሰዋለሁ።»

«ከሥሩ ጋር ሳይያያዝ ሲወጣስ?»

«ዶማው በጠሰው እላለሁ።»

ሴትዮዋ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ።

«በል ዛሬውኑ ቅበረውና ውኃ አጠጣው፤ አዲስ ቁፋሮ ያስታውቃል። ደግሞ ትልልቁን ብቻ አትቅበር፤ ጥቃቅኑንም ቀላቅልበት። እኔም አማት ነኝ፤ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።»

ዳንግላ ስንደርስ ወረድኩና፣ የልጄ ባል «ከጓሮዬ ነቀልኩልዎ» ብሎ በሰጠኝ ካሮት ውስጥ ጥቃቅን ካለበት መንገድ ዳር ቆሜ ፈለግሁ።