ወንበር የሌለው ሳሎን

ቫሌንሲያ፣ እሑድ ከሰዓት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ሳሎን፤ ባልና ሚስት ልጃቸውን ሰናይትን ለፓብሎ ለትዳር ሊጠይቁ የሚመጡ ሽማግሌዎችን ይጠብቃሉ፤ ሳሎኑ ውስጥ ግን አንድም ወንበር የለም።

ደምሰው፦ ዛሬ ሽማግሌ ሆኖ የሚመጣው ማኑዌል ነው። ራሱ ነው። የፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ሰናይት ዩኒቨርሲቲ የገባች ዓመት፣ ገበያው ውስጥ፣ ዶሮ ሻጩ ፊት ለፊት። ቡናማ ኮፍያ አድርጎ ነበር።

ትርንጎ፦ እኔ የጠየቅኩህ ወንበሮቹ የት ገቡ ነው።

ደምሰው፦ እሱን እኮ ነው እየመለስኩልሽ ያለሁት።

ትርንጎ፦ ጠዋት እዚህ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ብመለስ ቤቱ የጭፈራ አዳራሽ መስሎ ጠበቀኝ። ሶፋው ላይ ደግሞ የክረምቱን ብርድ ልብስ ሁሉ ከምረህበታል። ሰው መጣ እኮ ደምሰው፤ ሰናይት ልትቀበላቸው ወርዳለች።

ደምሰው፦ ወንበሮቹ መኝታ ቤት ናቸው፤ አልጠፉም። ሽማግሌ ደግሞ ጉዳዩን የሚናገረው ቆሞ ነው። ባህላችን ነው። አባትሽ ቤት የላክኋቸው ሽማግሌዎች ቆመው አልነበር?

ትርንጎ፦ ቆመው ነበር። ግን አባቴ «ኧረ ተቀመጡ፣ በሞቴ» እያለ ሲለምናቸው ነው የቆሙት። ተቀመጡ ማለት ያንተ ነው፣ አንቀመጥም ማለት የእነሱ። ወንበር ከሌለ በምን ይግደረደሩልሃል?

ደምሰው፦ አይግደርደሩ። ይቁሙ። እኔም ቆሜ ነበር።

ትርንጎ፦ የት?

ደምሰው፦ ዶሮ ሻጩ ጋ ነዋ፤ አታዳምጪም እንጂ እየነገርኩሽ ነው። ያን ዓመት የእነሱ ፋሲካ አልፎ የእኛ ገና ነበር። ጾሙ አድክሞኛል። ገበያ ብገባ ሰልፍ የሚባል ነገር የለም። አንዱ ግድግዳ ተደግፏል፣ አንዷ ወዲያ ማዶ ዓሣ ታያለች፣ ሌሎቹ ቆመው ወሬ ይዘዋል። ሰው የለም ብዬ ፊት ለፊት ሄጄ ቆምኩ። ለካ እዚህ አገር ሰልፉ ያለው ሰዉ ጭንቅላት ውስጥ ነው። የመጣ ሰው «የመጨረሻው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንዱ እጁን ያነሳለታል፤ ከዚያ ወዲያ ደስ ያለው ቦታ ሄዶ ይቆማል። ይሄንን ማን ነገረኝ? ሻጩ የሆነ ነገር ጠየቀኝ። ዝም አልኩ። በጣቴ ዶሮ አሳየሁት። ይሄን ጊዜ ማኑዌል ከኋላዬ አንድ ነገር ተናገረ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሻጩ ራሱ ቢላውን አስቀምጦ ነው የሳቀው።

ትርንጎ፦ ይገባኛል። ግን ለእነሱ አንተ ሰልፍ የጣስክ ሰው ነህ።

ደምሰው፦ የማይታይ ሰልፍ እንዴት ነው የሚጣሰው?

ትርንጎ፦ እሺ፣ ይሁን። ቆይ፣ ያን ፋሲካ በበግ ወጥ የዋልነው ለዚህ ነው እንዴ? ዶሮ አልቋል ነበር እኮ ያልከኝ።

ደምሰው፦ ለእኔ አልቆ ነበር።

ትርንጎ፦ ደግሞስ ያኔ ስፓኒሽ አንዲት ቃል አታውቅም። ምን እንዳለህ በምን አወቅክ?

ደምሰው፦ አላወቅኩም። ድምፁን ግን ያዝኩት።

ትርንጎ፦ ድምፁን?

ደምሰው፦ የኔታ ዳዊት ሲያስደግሙን ግዕዙ ይገባን ነበር? አይገባንም። ግን ከመጀመሪያው መዝሙር እስከ መጨረሻው በቃላችን እንወጣዋለን። እኔ እንግዲህ አስኳላውን አራተኛ ክፍል ላይ ጥዬዋለሁ፤ የተረፈኝ ትምህርት ይሄ ነው። የማኑዌልን ንግግር ከገበያ እስከ ቤት እየደገምኩት መጣሁ። ሰኞ ሥራ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ ደገምኩት። ብርቱካን እያሸግኩ ደገምኩት። ትርጉሙን አላውቅም፤ ግን አንዲት ፊደል አልጣልኩም።

ትርንጎ፦ ሌላው ሰው የቤተሰቡን ፎቶ ያስቀምጣል፣ አንተ ስድብ ታስቀምጣለህ። ወንድሜ በሠርጋችን ዕለት ያለውን እስከ ዛሬ ከነሳሉ ነው የምትደግመው።

ደምሰው፦ ወንድምሽ «እህቴን ለሾፌር ረዳት» ነው ያለው። ረዳት አልነበርኩም። ሾፌር ነበርኩ።

ትርንጎ፦ ሰውየው ሞቷል እኮ።

ደምሰው፦ ነፍሱን ይማረው። ሾፌር ነበርኩ።

ትርንጎ፦ ለሰናይት ብትነግራት እዚያው ትተረጉምልህ አልነበር?

ደምሰው፦ ልጄ አባቷ የተሰደበውን ቁጭ ብላ ትተርጉም? አላደርገውም። ራሴ ልማረው አልኩ። ማሸጊያው ውስጥ እንደሆነ ትምህርት የለም። ሞሮኮውም፣ ሩማንያውም፣ እኔም ያለን ስፓኒሽ «ቶሎ»፣ «ሳጥን»፣ «ነገ» ነው። አለቃው ከዚህ የበለጠ አይናገረንም። ስለዚህ ካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ በነፃ ታስተምራለች ሲሉ ሰማሁና…

ትርንጎ፦ ሴኞራ ኮንሱዌሎ።

ደምሰው፦ ስሟን ማን ነገረሽ?

ትርንጎ፦ እኔን ትርፍ ሰዓት እሠራለሁ ብለህ ስትሸውድ! ኮንሱዌሎ እኮ የምንከባከባት አሮጊት የካርታ ጨዋታ ጓደኛ ናት። ሐሙስ ሐሙስ እየመጣች ስለ ተማሪዎቿ ታወራለች። አንድ ኢትዮጵያዊ አለኝ፣ ጢሙን አበጥሮ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ የቤት ሥራውን አይዘልም፣ ግን የሚማረው ሰው ሊሳደብበት ይመስለኛል አለች። ጢሙን ስታነሳ ጠረጠርኩ፤ ስድቡን ስታነሳ አወቅኩህ።

ደምሰው፦ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?

ትርንጎ፦ ደስ ይለኝ ነበራ። ማታ ማታ ጢምህን እያበጠርክ መስታወቱን «እንደምን አመሹ፣ ሴኞራ» ስትለው ወጥ ቤት ሆኜ አዳምጥሃለሁ። ሃምሳ ዓመት አልፎህ ደብተር ጃኬትህ ውስጥ ትደብቃለህ። ምን ብዬ ላቋርጥህ?

ደምሰው፦ መጀመሪያ ቀን ሁላችንንም ስም ጠየቀችን፤ ቀጥላ ለምን ልትማሩ መጣችሁ አለች። ዩክሬኗ ለሥራ አለች። ሴኔጋሉ ለመንጃ ፈቃድ አለ። እኔ ጋ ሲደርስ ነገሩ አለኝ፣ ቃሉ የለኝም። «ለዶሮ» አልኳት። ከነገሩ የማውቃት እሷን ብቻ ነበር። ክፍሉ ሳቀ፤ ያን ዕለት ግን አልከፋኝም። ሁሉም ተራ በተራ ይሳቅበት ነበራ።

ትርንጎ፦ እና ስድቡ መቼ ተፈታልህ?

ደምሰው፦ በሁለተኛው ዓመት። ስለ ሥጋ ቤት ስንማር ሰሌዳው ላይ «የተሰቀለ» የሚለውን ቃል ጻፈችው። ያቺ ነበረች የቀረችኝ። እዚያው ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ከላይ እስከ ታች በራልኝ። «ተዉት፣ እሱን ከተሰቀሉት ዶሮዎች ጋር ቁጠሩት፤ እነሱም አይናገሩም» ነው ያለው። … ሳቅሽ?

ትርንጎ፦ አልሳቅኩም።

ደምሰው፦ አፍሽን ይዘሻል።

ትርንጎ፦ ዶሮዎቹ ታይተውኝ ነው። ይቅርታ። ቀጥል።

ደምሰው፦ ምን እቀጥላለሁ። ካለፈው እሑድ በፊት ሰውየውን ሁለተኛ አይቼው አላውቅም። የፓብሎ ቤተሰብ ምሳ ጠራን፤ ገባን፤ ጠረጴዛው ራስ ላይ ማን ተቀምጧል? የፓብሎ አያት። ኮፍያው እንኳ ያው ነው። እጄን ጨበጠኝ፤ አላወቀኝም።

ትርንጎ፦ ለዚህ ነው ምሳውን ሙሉ እንደ ሐውልት የተገተርከው። ሰዎቹ እኮ እስከ ዛሬ አንዲት ቃል የማትችል ነው የሚመስላቸው። ያ ፓብሎ ደግሞ ዓመት ሙሉ በእጁና በቅንድቡ ሲያዋራህ! «ውኃ ልስጥህ?» ለማለት እንደ ዋናተኛ ሲሆንልህ፣ አንተ ሁሉም እየገባህ ቁጭ ብለህ ታየዋለህ።

ደምሰው፦ ጥሩ ልጅ ነው፤ አይሰለቸውም።

ትርንጎ፦ አያቱም ጥሩ ሰው ነው። ሩዙን ራሱ አይደል ያወጣልህ?

ደምሰው፦ እሱንም አነሳሽው? ለሁሉም የላዩን ሩዝ አውጥቶ ሲያበቃ ለእኔ ከመጥበሻው ሥር ያረረውን ፍቆ ሰጠኝ። ሰው እያየ። ያረረ።

ትርንጎ፦ አንተ ሰውዬ! እዚህ አገር ሰው የሚጣላው ለእሱ እኮ ነው። የእኔዋ አሮጊት ልጆች ፀጉራቸው ሸብቶ ለዚያች ሥር ለያዘችው ሩዝ ሲጨቃጨቁ ነው የሚውሉት። ለማንም ሳይሰጥ ለአንተ ሰጠህ፤ የክብር እንግዳ አድርጎህ ነው።

ደምሰው፦ …ያረረው?

ትርንጎ፦ ያረረው።

ደምሰው፦ ይሁና። የሩዙን ሰርዤለታለሁ። የዶሮውን ግን አልሰርዝም። መልሱን አዘጋጅቻለሁ። ዛሬ እዚህ መሐል ቆሞ ልጅህን ሲለኝ በራሱ ቋንቋ እመልስለታለሁ።

ትርንጎ፦ ምን ብለህ?

ደምሰው፦ «ያን ቀን ዶሮዎቹ ዝም ያሉት ስለታረዱ ነው። እኔ ዝም ያልኩት እንግዳ ስለሆንኩ ነው። አንተ ሳትታረድ፣ አገርህን ሳትለቅ፣ ደግ ቃል ከአፍህ የጠፋው ምን ሆነህ ነው?» በስፓኒሽ ደግሞ ከዚህም ያምራል። ለኮንሱዌሎ የቤት ሥራ ብዬ አሳይቻታለሁ። ሁለት ጊዜ አንብባ መነጽሯን አወለቀች።

ትርንጎ፦ ጥሩ ነው።

ደምሰው፦ ጥሩ ነው አይደል?

ትርንጎ፦ በጣም ጥሩ ነው፤ እኔንም ያስፈራኝ ጥሩነቱ ነው። ሽማግሌው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ፓብሎ ተከትሎት ይወጣል። ሰናይት ደግሞ ተከትላው ትወጣለች፤ ታውቃታለህ፣ ግትርነቷ ያንተ ነው። አንተ መልስህን ይዘህ ባዶ ሳሎን ውስጥ ትቀራለህ። ያኔ ወንበሮቹን ብትመልሳቸውም የሚቀመጥባቸው የለም።

ደምሰው፦ እኔ ልጄን አልከለከልኩም። ልጁንም እወደዋለሁ። አያቱ መስማት ያለበትን ይስማና ልጁ ይውሰዳት ነው ያልኩት።

ትርንጎ፦ እንዳልነግርህ ምያለሁ፤ ግን ልነግርህ ነው። ሰናይት ሽማግሌ የመላክን ነገር ስታስረዳቸው ፓብሎ «አያቴ በስፓኒሽ ይናገር፣ አንቺ ተርጉሚ» አላት። ማኑዌል እምቢ አለ። የሰው ልጅ የሚለምን ሰው በአስተርጓሚ አይለምንም አለ። ንግግሩን ስልኬ ላይ ቅዱልኝ አለ።

ደምሰው፦ በአማርኛ?

ትርንጎ፦ በአማርኛ። ይኸው ስንት ሳምንቱ። ጆሮው ላይ ሰክቶት ነው የሚውለው፤ ፀጉር ቤት፣ መናፈሻ፣ ገበያ። ያ ዶሮ ሻጭ ራሱ እየሰማ እየሰማ ሸምድዶታል አሉ።

ደምሰው፦ ትርጉሙን ያውቀዋል?

ትርንጎ፦ ጠቅላላውን ነግራዋለች። ቃሉን በቃሉ አያውቀውም። እንደ ዳዊትህ ነው። ድምፁን ነው የያዘው።

ደምሰው፦ ማን ነው የቀዳለት? ሰናይት ሽማግሌ ሲናገር የት ሰምታ ታውቃለች?

ትርንጎ፦ እኔ ነኝ።

ደምሰው፦ አንቺ? ታዲያ በወሎ ዜማ ነው ልጄን የሚጠይቀኝ?

ትርንጎ፦ በጎጃም እንዲጠይቅህ ከፈለግክ አንተ ትቀዳለት ነበራ።

ደምሰው፦ አበላሽተሽዋል ሰውየውን። … ይሄ ምንድን ነው ድምፁ?

ትርንጎ፦ ቆይ፣ በሩን ልክፈተው። … እነሱ ናቸው። ሊፍቱ ዛሬም ተበላሽቷል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመዋል መሰለኝ። ማኑዌል ጉልበቱን ቀዶ ጥገና የተደረገ ሰው ነው። ስማው፣ እያረፈ ይለማመዳል።

ደምሰው፦ «ልጃችሁን…» ይልና ይቆማል። ትንፋሽ አጥሮት ነው ወይስ ረስቶት?

ትርንጎ፦ ሁለቱም። … አሁን ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

ደምሰው፦ ሲጠፋብሽ እንደዚያ ነው። ከመሐል መቀጠል አይቻልም፤ ከመጀመሪያው ነው የሚነሳው። የኔታ ጋ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። … ይኸው፣ እዚያችው ላይ ጠፋበት። «ለልጃችን» በለው እንጂ አንድ ሰው! አጠገቡ ማንም የለም እንዴ?

ትርንጎ፦ እንዳይነግሩት ከልክሏቸዋል አሉ። ራሴ ልወጣው ነው የሚለው። ይኸውልህ ደምሰው፣ ትንሽ ቆይቶ እዚህ መሐል ቆሞ መንተባተቡ አይቀርም። ላቡ ይወርዳል፤ ሰው ያየዋል። ተራው ያንተ ነው። መሳቅ ትችላለህ፣ ያንን የተዘጋጀውን መልስህንም መናገር ትችላለህ፤ እኔ አፍህን አልይዝም። ብቻ አሁን ቁርጡን ንገረኝና ልወቀው፤ ሰናይት ፊት ደንግጬ እንዳልታይ። ምን ልትለው ነው? … ደምሰው፣ ወዴት ነህ? እያናገርኩህ እኮ ነው። መኝታ ቤት ምን ልትሠራ ነው? … ያንን ወንበር ይዘህ ወደ ደረጃው? … እሺ፣ እሺ። እሱን ተወው፣ እግሩ ይነቃነቃል፤ ባለ መደገፊያውን ውሰድለት።