ሳይደወልላት የተጻፈባት አዋላጅ

በጋዜጣው ቤት «ቀዳሚው» ይሉታል፤ ወሬ ሲነሣ ከሁሉ ቀድሞ የሚጽፍ ሪፖርተር ነውና። አንድ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ከጋዜጣው የቀድሞ አራሚ ጋር ተገጣጠመ። ጡረተኛው ሽማግሌ የትናንቱን ጋዜጣ በብብታቸው ይዘዋል።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«ይመስገን ልጄ። ‹አዋላጅ ተኝታ ወላድ ሞተች› ያልከው አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሼ፤ የፊት ገጽ ያዘልኝ!» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«ወላዷ የጎረቤቴ ልጅ ናት። አሁን ስወጣ ሕፃኗን ፀሐይ እያሞቀች ሰላም ብላኛለች።»

ሪፖርተሩ ክው አለ። ቢሆንም እጁን አልሰጠም።

«ሰው ሁሉ በስልክ ሲቀባበለው ነበር እኮ! ብንዘገይ ሌላው ይቀድመናል። ነገ አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ማረሚያ እናወጣለን።»

«ስድቡ በአደባባይ፣ ይቅርታው በጓዳ? በእኛ ጊዜ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው በጣቱ እየተከተለ ‹ይህን ማን አለ?› ይላል። መልስ የታጣለት ነገር አይታተምም ነበር።»

«እኛ ያን ያህል ጊዜ የለንም፤ ጋሼ።»

ውሸቱን ነው። ርእሱን ለማሳመር ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጅቷል።

«አዋላጇንስ ጠየቅካት?»

«ቁጥሯን ከየት ላምጣው?»

«ጤና ጣቢያው በር ላይ ተለጥፏል። በል ያዝ» ብለው ከዚያ የገለበጡትን ከደብተራቸው አነበቡለት።

ቁጥሩን ነክቶ ሲጨርስ ስልኩ ላይ ስም ብቅ አለ፤ «እትዬ አዋላጅ»። ሚስቱ ያማጠች ዕለት ራሱ የመዘገበው ነው። ያኔ ሴትዮዋ ሌላ ጤና ጣቢያ ነበረች፤ እሱም ይህን ወሬ ሲጽፍ ስለማን እንደሆነ አልጠየቀም።

«አንተ የልጅ አባት!» አለች፤ ድምፅዋ ከለቅሶ የተነሣ ሻክሯል። «ምነው በጠዋቱ? ልጅህን አመማት እንዴ? ልምጣ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ደኅና ናት እትዬ። ያን ነገር... የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ?» አለች። «ከሥራ ታግጄ ቤት ተቀምጫለሁ እኮ። ይኸው አሁን እንደደወልከው ብትደውል ምን ነበረበት?»

በማግስቱ ማረሚያው በፊት ገጽ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን ከሪፖርተሩ ስም ጋር ወጣ። አዋላጇም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሁለት ሆኖ ማንበብም ተመለሰ። አሁን ጋዜጣው ከሌሎቹ ዘግይቶ ይወጣል፤ ሰው ግን የሌላውን ካነበበ በኋላ «እስቲ የእነዚያን እንይ» ብሎ ይጠብቀዋል፤ ንጹሕ ሰውም ስሙ ሳይጠፋ ያድራል። «ይህን ማን አለ?» የሚለው ሪፖርተሩ ነው። «ቀዳሚው» ብለው ሲጠሩት ዛሬም አንገቱን ይደፋል።