በጉድጓዱ ውሃ ናሙና ውስጥ ስለተገኘው ሰም

የምስክሩ ስም፦ በተለየ ቅጽ ተይዟል
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ጠርሙስ አጣቢ
አድራሻ፦ ከላቦራቶሪው ጀርባ፣ የሠራተኞች መኖሪያ፣ ክፍል 4
ቃሉን የሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡20 ሰዓት

ከሁሉ አስቀድሜ ጥፋቴን እናገራለሁ። የናሙና ጠርሙስ የሚያጥብ ሰው እጁን ቅባት እንዳይቀባ በሥራ ደንባችን ተከልክሏል። እኔ ግን ሚስቴ ከሞተች ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እሷ ከንብ ሰምና ከቅርንፉድ ዘይት አዋህዳ የተወችልኝን ቅባት ጠዋት ጸሎቴን እንዳደረስኩ እየተቀባሁ ያለ ጓንት ሳጥብ ኖሬአለሁ። እጄ እየተሰነጠቀ ነው እል ነበር፤ እውነቱ ግን ሽታዋን ፈልጌ ነው።

ባለፈው ሰኞ ከሰፈሩ ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ላቦራቶሪው በቅርቡ ባስገባው መሣሪያ ተመርምሮ ሰም ተገኘበት። በአካባቢው በሰም የሚሠራው፣ ጨርቅ በሰም እየነደፈ ቀለም የሚነክረው ሰውዬ ብቻ በመሆኑ፣ ቆሻሻ ደፍተሃል ተብሎ መታሰሩን ሰማሁ። ሰምቼም ጠርሙሶቼን ማጠቤን ቀጠልኩ።

ዛሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ወደ መሣሪያው ክፍል ስገባ ኬሚስቷ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ አገኘኋት። ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው ይህ መሣሪያ፣ እሷ እንዳስረዳችኝ፣ በድብልቅ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ነገር በክብደቱ ይለያል፤ የተገኘውም ስክሪኑ ላይ እንደ ቀጭን መስመር ይቆማል። ከሰሙ መስመሮች አጠገብ አንድ እንግዳ መስመር ነበር። እየሳቀች፣ «አባባ፣ ይሄ ሰውዬ ጨርቁን በቅርንፉድ ነው እንዴ የሚቀቅለው?» አለችኝ። ቅርንፉድ ስትል የሚስቴ ቅባት ትዝ አለኝ።

ለማነጻጸሪያ የምታስገባው ንጹህ ውሃ ከካርቶን በወጣ አዲስ ጠርሙስ ስለሚቀዳ የእኔ እጅ አልነካውም፤ ሰሙም በእሱ ላይ አይታይም። ምንም ሳልነግራት ወደ ማጠቢያው ተመልሼ አንዱን ጠርሙስ በአዲስ ጓንት፣ ሌላውን በተቀባ እጄ አጠብኩ። ሁለቱንም በተጣራ ውሃ ሞልቼ እንድታይልኝ ለመንኳት። የመጀመሪያው ሲገባ ስክሪኑ ሜዳ ሆነ። ሁለተኛው ሲገባ መስመሮቹ ተራ በተራ ብድግ ብድግ አሉ፤ ሰሙም፣ ያ እንግዳ መስመርም፣ ሁሉም በየቦታቸው። በሚያሳፍረኝ ነገር እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ኬሚስቷ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀችኝ።

«ከእጄ ነው፣ ልጄ።»

እጄን ያዝ አድርጋ አሸተተች። ከሥራ እንደሚያባርሩኝ አውቄ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አውቄ ነው አልኳት። ወዲያው ከዚያው ጉድጓድ በአዲስ ጠርሙስ ውሃ አስቀዳች። 7 ሰዓት ላይ ሲመረመር ሰምም ቅርንፉድም አልታየበትም። ኮሪደሩን እንደ ልጅ ሮጥኩት።

ፖሊስ ጣቢያ ደርሼ ይህን ስናገር መርማሪው ለማስረጃ ቅባቱ ራሱ እንደሚያስፈልግ ስለነገሩኝ፣ ክፍሌ ሄጄ የቀረችውን አንዲት ቆርቆሮ አመጣሁ። ክዳኗን ሳልከፍት በእጃቸው አስረከብኩ።

ይህ ቃል ተነቦልኛል፤ የጨመርኩበትም የሸሸግኩትም የለም፤ በእግዚአብሔር ፊትም የምደግመው ነው።

የምስክሩ ፊርማ __________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ __________