ወንበር የሌለው ሱቅ

ቅጭል… ቅጭል… ጠርሙስ ከጠርሙስ ይጋጫል። ድምፁ ሲመጣ ወጣቱ ፋርማሲስት በአክስቱ ሱቅ መደርደሪያ ሥር ተንበርክኮ የሳሙና ካርቶን እያስተካከለ ነበር። ቀና ሲል፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ቧንቧ» የሚለው የቧንቧ ሠራተኛ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ በማዳበሪያ ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሟል።

«እንኳን መጡ ጋሼ፣ ይፍረዱን!» አለ ወጣቱ። «ሱቆች ቢራና ወይን እንዲሸጡ ተፈቅዷል። ማመልከቻው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እትዬ ግን አልፈርምም ብለዋል።»

«ሞቼ እገኛለሁ!» አሉ አክስቱ ከባንኮኒው ኋላ። «ባሌን የበላው ምን ሆነና? ከመጠጥ ቤት ሲመለስ ቦይ ውስጥ ወድቆ አይደል የቀረው? ያንን ነገር ከዳቦና ከወተት ጎን ልደርድረው?»

«እኔም እኮ መድኃኒት ቤት ከዚያ የከፋ መርዝ እሸጣለሁ እትዬ። ግን ተቆልፎበት፣ ለማን እንደሚሰጥ ታውቆ ነው። አደገኛ ነገር ጠንቃቃ እጅ ቢይዘው አይሻልም?»

«አንተ ደግሞ ተምሬያለሁ ብለህ ለሁሉም መልስ አታጣም! መጠጥ ቤቱ እዚያ ማዶ አለ። እኔ ብሸጥ ሰካራም ከመጨመር በቀር ምን እፈይዳለሁ?»

እውነቱን ለመናገር፣ የሴትዮዋ ክርክር የሚናቅ አልነበረም። ሐዘን ያስተማረውን ሰው መጽሐፍ ያስተማረው በቀላሉ አይረታውም።

ጋሼ ቧንቧ ማዳበሪያውን አስቀመጠ። «እትዬ፣ እኔ በቀን አንዲት ቢራ ናት የምፈልገው። ቧንቧ ስፈታ ውዬ ጉሮሮዬን ላርጥብባት። ግን አንዲት ቢራ የሚሸጥልኝ ጠፋ!»

«መጠጥ ቤቱስ ምን ሆነ?»

«እሱማ የሚሸጥልኝ ወንበር ነው። ቁጭ ስል አናጢው ይጋብዘኛል። ተጋብዞ መነሣት ነውር ነውና እኔም እጋብዘዋለሁ። ይኼኔ ሾፌሩ ገብቶ ለሦስታችንም ያዛል። ሚስቴ ራት አቅርባ ትጠብቀኛለች፤ እኔ እዚያ ክብሬን እጠብቃለሁ።»

ወጣቱ ሳቀ። ጋሼ ቧንቧ ግን አልሳቀም፤ ድምፁ ወረደ።

«ባለቤትዎም… የመጨረሻዋን ዕለት አብሬያቸው ነበርኩ። ወደ ቤቴ ልግባ ብለው ሦስት ጊዜ ተነሡ። ሦስቱንም ጊዜ ‹የኛን ሳትጠጣ የት አባትህ!› እያልን እየሳቅን አስቀመጥናቸው። ክንዳቸውን ይዘው ካስቀመጧቸው እጆች አንዱ ይኸው ነው።»

የተሰነጣጠቀ መዳፉን ባንኮኒው ላይ ዘረጋው።

አክስቱ ያንን እጅ እንደማያልቅ ጽሑፍ ትክ ብለው አዩት። ባላቸው ከቤቱ ይልቅ ብርጭቆውን መርጦ የቀረ እየመሰላቸው አሥራ ሁለት ዓመት ተቀይመውት ኖረዋል።

«ሊመጣ ተነሥቶ ነበር?»

«ሦስት ጊዜ፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ ሱቃቸውን ዛሬ ገና እንዳዩት ሁሉ ዙሪያውን ቃኙት፦ ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ የጠዋቱን ዳቦ። ከዚያ ወለሉን።

«እዚህ ወንበር የለም» አሉ። «የሚጋብዝም የለም። ሰው ዳቦውንም ቢራውንም ይገዛና… ቤቱ ይገባል።»

«ይገባል» አለ ወጣቱ። ሲከራከር የዋለበት ነገር ምን ያህል ግዙፍ እንደሆነ ለራሱም የገባው ያኔ ነው።

«ስማኝ አንተ ልጅ። መደርደሪያው ቁልፍ ይኑረው። ለልጅ አልሸጥም፣ ለሰከረ አልሸጥም፣ እዚህ ቆሞ የሚከፍትም አይኖርም። ማመልከቻው ላይ ጻፈው!»

ጽፎ ሰጣቸው፤ ፈረሙ። መጠጥን ከሰው ቤት ማራቅ ሰውንም ከቤቱ እንደሚያርቅ፣ በልክ የተገዛ ነገር ሚስትና ልጅ ባሉበት ገበታ ላይ ልኩን እንደሚጠብቅ፣ ጥንቁቅ ሻጭ ባለበት ሰፈር ማንም ለይሉኝታ ብሎ እንደማይሰክር ወጣቱ በዚያች ፊርማ ውስጥ ወለል ብሎ ታየው።

አክስቱ ሽርጣቸውን ፈትተው አጣጠፉና ባንኮኒው ላይ አኖሩት። በጋሼ ቧንቧ አጠገብ ሲያልፉ ቆም አሉና መዳፉን በመዳፋቸው ነካ አደረጉት።

«እትዬ፣ ወዴት ነው?» አለ ወጣቱ።

ዳቦ ሊገዙ በገቡት ሁለት ሴቶች መካከል አልፈው፣ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወጥተው ወደ ባላቸው መቃብር ሄዱ።