የማሽኑ ድርሻ

በእኛ ጊዜ፣ ግፊቴን እየለካሽ ስሚኝ ሲስተር አልማዝ፣ በእኛ ጊዜ ካፒታሊዝም ሊሞት ጥቂት ነበር የቀረው። ለቀብሩ እንዳናረፍድ ጋምቤላ የተመደብን መምህራን ሁሉ በየሳምንቱ ውይይት እንቀመጣለን። አወያያችን ታደለ ነው፣ ያው ጎረቤቴ ታደለ፣ ያኔ ካድሬ ነበር። ጠመኔውን ያነሳና «ትርፍ የሚመነጨው ከሠራተኛው ላብ ብቻ ነው» ይላል። ታዲያ ባለሀብቱ ማሽን ይገዛል፣ ሠራተኛ ይቀንሳል፣ ሌላውም አይቶ ይገዛል፣ እና ላቡ ሲያንስ ትርፉ ለማሽን ከወጣው ገንዘብ አንጻር እያነሰ እያነሰ ሄዶ ሥርዓቱ በራሱ ይወድቃል። እኔ ደግሞ ተነስቼ፣ የለም፣ የሠራተኛውን ደሞዝ እየቀነሰ ዕድሜውን ያራዝማል እንጂ በራሱ አይወድቅም አልኩ። በዚችው ሦስት ወር ተኮራረፍን። ሦስት ወር! ባሮ ገላችንን ልንታጠብ ስንወርድ እንኳ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። ካፒታሊዝም ግን ወሬያችንንም አልሰማ።

ታዲያ ጡረታ ወጣን፣ እና ምን አደረግን? ዲማ፣ ወርቅ ማውጫው ሄደን የድንጋይ መፍጫ ማሽን ገዛን። አዎ፣ እኛው። ኦጁሉ የሚባል ቆፋሪ ከነጓደኞቹ ድንጋዩን በመዶሻ ነበር የሚያደቅቀው፤ ማሽኑ ሲመጣ ግማሾቹን በሉ ደህና ሁኑ አልናቸው። እዚያ ልማድ አለ፤ ወርቁ ሲካፈል ማሽኑም እንደ ሰው ድርሻ አለው። ድርሻውን የሚቀበልለት ባለቤቱ ነው፣ ማለት እኔና ታደለ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠን።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር። እና ጎረቤት አይቶ ማሽን አስገባ፣ የጎረቤት ጎረቤትም አስገባ፣ ድንጋዩ መሻሚያ ሆነ፣ ናፍጣው ተወደደ፣ ትርፋችን ሳሳ። ታደለ ደስ አለው ብልሽ ታምኛለሽ? «ያልኩህ ደረሰ» ይለኛል፣ የገዛ ኪሱ ደርቆ!

ታዲያ ስብሰባ ጠራ። አጀንዳ አለ፣ ሂስና ግለ ሂስ አለ፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነኝ። ጠመኔ ስለጠፋ ቆርቆሮ ላይ በከሰል እየጻፈ ያንን ትምህርት ለቆፋሪዎቹ አንድ በአንድ አስተማራቸው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ፣ «ስለዚህ ጓዶች፣ የቆፋሪው ድርሻ እንዲቀነስ ሐሳብ አቀርባለሁ» አይል መሰለሽ! የኔን ክርክር እኮ ነው፣ ሦስት ወር ያኮረፈኝበትን።

ኦጁሉ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ደርሳ ነበር፣ ከዚያች ድርሻ በቀር ምንም የላቸውም። እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ትርፍ ከኛ ላብ ነው አላችሁ። ማሽን አያልበውም። ታዲያ የማሽኑን ድርሻ ለምን አትቀንሱም?»

ታደለ ከሰሉን ትክ ብሎ አየውና ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው አለ። ድምፅ የሚሰጠው ባለማሽን ብቻ ነው ተባለ፣ ሁለታችን ማለት ነው፣ እና ሐሳቡ ጸደቀ። ቆፋሪዎቹ አልተጨቃጨቁም፣ መዶሻቸውን አንስተው ሌላ ጉድጓድ ሄዱ። ማሽኑ ድንጋይ የሚያጎርሰው አጥቶ እስከዛሬ እዚያው ቆሟል። ታደለ ግን ንድፈ ሐሳቡ በተግባር ተረጋገጠ እያለ ለሁሉም ያወራል።

«ቆይ ጋሼ፣» አለች ሲስተር አልማዝ፣ «ድምፅ የሰጣችሁት ሁለት ብቻ ከሆናችሁ፣ እርስዎ እጅዎን ባያወጡ ሐሳቡ ይወድቅ አልነበር?»

ይወድቅ ነበር። ስንት ዓመት የሚወድቅ ነገር ስንጠብቅ ኖረን፣ ያንን ሐሳብ መጣል በእጄ ነበር። አወጣሁ፣ ይቺን ቀኝ እጄን። ኦጁሉ ገበያ ሲያገኘኝ ዛሬም ሰላም ይለኛል፣ ስለ ልጁ ያጫውተኛል። እኔ ነኝ የምሸማቀቀው።