ጭስ የጠጣ ክዳን

ሽማግሌው የሣር ክዳን ሠሪ ሚስታቸውን ደግፈው የጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ አንድ ወጣት እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ተራ ይጠብቅ ነበር። በጎረቤት መንደር ከከብት እበት የማብሰያ ጋዝ የሚወጣበት ጉድጓድ የሚያስቆፍረው የተማረ ልጅ መሆኑን በወሬ ያውቃሉ።

«እጅህን ምን አገኘው ልጄ?»

«አካፋ ነው አባባ። እማማንስ ምን አመማቸው?»

«ሳል። ከያዛት ሦስት ዓመቷ። ዛሬማ ትንፋሽም አጠራት።»

ወጣቱ የአሮጊቷን የቀላ ዓይን አየ። «ቤታችሁ ጭስ መውጫ አለው?»

«ምን ሊያደርግልኝ! ክዳኔ ሠላሳ ዓመት የቆየው ጭስ ስለጠጣ ነው። ጭስ ያልጠጣ ሣር በአራት ዓመቱ የምስጥ ቀለብ ነው። በከደንኩት ቤት ሁሉ ‹ቀዳዳ እንዳትተዉ› ሳልል ከጣሪያ አልወርድም።»

የሙያቸው ኩራት ይህ ነበር። ውሸትም አይደለም፤ ጭስ ሣርን ያቆያል። ከሣሩ ሥር ሰው እንዳለ ግን አስበውት አያውቁም።

«በሙያዎ አልከራከርዎትም» አለ ወጣቱ፤ «ግን ጭሱን የሚጠጣው ክዳኑ ብቻ ነው?»

ሽማግሌው ተቆጡ። «እና እበት እበት የሚል ምግብ ልታበላን ነው?»

ሚስታቸው በሳል መሐል ሳቁ። «ተወው የኔ ልጅ፤ እሱ አንድ ቀን እሳት አንድዶ አያውቅ!»

«አይሸትም እማማ። እበቱ ተዘግቶ ይብላላል፣ ጋዙ በቧንቧ ምድጃው ድረስ ይመጣል። የጥቂት ላሞች እበት ለአንድ ቤት ይበቃል፤ ዝቃጩ ለማሳ ይሆናል። ጉድጓዱን ጎረቤት ተጋግዞ ይቆፍረዋል፤ የሚገዛው ሲሚንቶና ቧንቧ፣ ምድጃውም ነው።»

«ክዳኔስ?»

«ቶሎ ያረጃል፤ አልዋሽዎትም። ክዳን ሲያረጅ ግን እርስዎ አሉ። ሳንባ ክዳን ሠሪ የለውም አባባ።»

ነርሷ አሮጊቷን መርምራ ሽማግሌውን ለብቻቸው ጠርታ የሚስታቸው ሳንባ በጭስ ክፉኛ እንደተጎዳ ነገረቻቸው። ሲወጡ በቀጥታ ወደ ወጣቱ ሄዱ።

«ቆፍርልኝ» አሉ። «ለእሷ ይደርሳል?»

ወጣቱ ውሸት ቢያምረውም አፉ እምቢ አለው። «ምድጃው ዘንድ ሌላ ማን አለ?»

«ምራቴ። ልጇን አዝላ።»

«ለእነሱ ይደርሳል።»

በማግስቱ ሽማግሌው ምራታቸውን ጠርተው የሰሙትን ሁሉ ነገሯት፦ እንጨት ፍለጋ እንደማትውል፣ የልጇ ዓይን እንደማያለቅስ፣ ደኑም እንደሚያገግም። ጉድጓዱ እስኪያልቅ ደግሞ ለጭሱ መውጫ ሊከፍቱ ማጭዳቸውን ይዘው ጣሪያ ላይ ወጡ። ሣሩ ጠቁሮ እንደ ቅርፊት ደርቋል። ከምድጃው አናት ላይ ሲቀድዱት ብርሃኑ አልጋ ላይ በተኙት ሚስታቸው ፊት ላይ ወደቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ አበድክ? ክዳንህን!»

«አርጅቷል» አሉና ቀዳዳውን አሰፉት።

ቀና ሲሉ መንደሩ በሙሉ ታያቸው። ሁሉም የእጃቸው ሥራ ነው፤ አንዱም ቀዳዳ የለውም፤ ጭሱ በሣሩ ውስጥ እየሰረገ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ቤት ስህተታቸውን መናገር አለባቸው። በየክዳኑ ሥር የሚስለውን ሰው አንድ በአንድ በጣታቸው ሊቆጥሩ ሞከሩ፤ ጣታቸው አለቀ።