ዱቄት ጠጥቶ መቀመጥ

አቶ ወልደሰንበት ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ታክሲ ሊሳፈሩ አንድ እግራቸውን ከፍ አድርገው ሌላውን ማስከተል አቃታቸው። ረዳቱ በብብታቸው ይዞ ሊያሳፍራቸው ሲታገል «ተዋቸው፣ እኔ እይዛቸዋለሁ» የሚል ድምፅ ሰሙ። የጎረቤታቸው የአቶ ቡልቻ ልጅ ሀዊ ነበረች፤ ሥራዋ ሆስፒታል ውስጥ ጡንቻውን ወይም አጥንቱን የታመመን ሰው እንቅስቃሴ ማሠራት ነው። ታክሲው አልጠበቃቸውም፤ እነሱም በእግር ወደ ሰፈራቸው አዘገሙ።

መንገድ ላይ ሽማግሌው የሆዳቸውን አጫወቷት። አምና ስቅለት ሰግደው መነሣት ቢያቅታቸው ጎረምሶች እንደ ጆንያ አንሥተዋቸዋል። እፍረቱ እስካሁን አልለቀቃቸውም፤ ዘንድሮም እንደዚያ ከሚሆኑ ቤት መቅረትን መርጠዋል። ቤት ደግሞ ክብሩ በዝቷል። ምራታቸው ሰብሌ ፌስታል እንኳ ከእጃቸው ትነጥቃለች። ልጃቸው ኢዮስያስ በበኩሉ ስፖርተኞች ለጡንቻ የሚወስዱትን ክሪያቲን የሚባል ዱቄት ገዝቶላቸው በየማለዳው በጥብጠው ይጠጣሉ።

«አጥንት ያጠነክራል ብሎኝ ነበር፤ ምንም አላየሁበት» አሉ።

«ጠጥተው ምን ይሠራሉ?»

«እቀመጣለኋ።»

ሀዊ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «አባባ፣ ይሄማ ሲሚንቶ አስወርዶ ቤቱ ራሱ ይቆማል ብሎ መጠበቅ ነው። ዱቄቱ ቢያግዝ የሚያግዘው የሚሠራ ጡንቻን ነው። አጥንትም የሚበረታው ሸክም ሲሰማው ነው።»

«በዚህ ዕድሜዬ ብረት ላንሣ? ለሽማግሌ የሚያምርበት ዕረፍት ነው። ብሰበርስ?»

«ለስብራት የሚዳርግዎ መቀመጡ ነው። ጉልበት ሲከዳ ሰው ይወድቃል፤ የሳሳ አጥንት ደግሞ መውደቅን አይችልም። ብረት መች አልኩዎት? ከወንበር እየተነሡ ይቀመጡ፣ ግድግዳ ይግፉ፣ ሲበረቱ ውኃ ያለበት ጀሪካን ያንሡ። ዱቄቱን ግን ሐኪም ኩላሊትዎን ሳያይ አይድገሙት።»

ሽማግሌው ለክርክር ሰንፈው አያውቁም። ዛሬ ግን የገዛ ጉልበታቸው ታክሲው በር ላይ መስክሮባቸዋል።

«ለስቅለት ይደርስልኛል?» አሉ በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ቃል አልገባልዎትም። ግን ዛሬ እንጀምር።»

ሐኪሙ ኩላሊታቸውን አይቶ ዱቄቱን ፈቀደላቸው። ያስቸገረችው ሰብሌ ነበረች፤ ሰው ቢያይ ሽማግሌ ያሸክማሉ ይለናል ብላ ተጨነቀች። ሀዊም ሸክሙን በተቀበለቻቸው ቁጥር ጉልበታቸውንም እየተቀበለቻቸው እንደሆነ አስረዳቻት፤ ጾም ሲገባ ምስሩንና ባቄላውን እንዳታሳንስባቸውም አደራ አለች።

ከወንበር እየተነሡ፣ ግድግዳ እየገፉ፣ በኋላም ጀሪካን እያነሡ ሰነበቱና ስቅለት ደረሰ። ኢዮስያስ ከአባቱ ጎን ቆሞ እጁን አዘጋጅቶ ነበር። አቶ ወልደሰንበት ሰገዱ፤ መሬቱን በመዳፋቸው ገፉ፣ አንዱ ጉልበት ቀደመ፣ ሌላው ተከተለ፣ ቆሙ። ሲደክማቸው ዐረፉ እንጂ ማንም አላነሣቸውም። አባትም ልጅም እፎይ አሉ።

ሽማግሌ ማክበር ደግ ነው። ነገር ግን ሰው በገዛ እግሩ ታክሲ ከተሳፈረ፣ ከባኞ ቤት ያለ ደጋፊ ከወጣ፣ ከመውደቅና ከመሰበር ከዳነ፣ ከዚህ የሚበልጥ ምን ክብር ይሰጡታል?

በማግስቱ የቧንቧ ውኃ መጣ። ሰብሌ ጀሪካኖቹን ሞልታ ትንሹን ወደ አማቷ ገፋ አደረገችና «አባባ፣ እስቲ ይችን ያስገቡልኝ» አለቻቸው። አቶ ወልደሰንበትም አንጠልጥለው፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲያይ በአጥሩ በኩል ዞረው ገቡ።